የማይደርሰው የሐጂ ጀማለዲን እጅ

ትምህርት ጀምሮ በሳምንቱ መምህር የሚሆን ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የደብረ ማርቆሱ ክቡር ሐጂ ጀማለዲን ነበሩ።

ጨርቅና ጨው ነጋዴ ናቸው። ከመካ ሲመለሱ ምጽዋ ላይ ከአንድ ቻይናዊ የመርከብ ወጥ ሠሪ ጋር ተዋወቁ። ሰውየው ማለዳ ማለዳ ባሕሩ ዳር ቆሞ፣ ዝግ ተብሎ የሚሠራውን የአገሩን የፍልሚያ ጥበብ ያስተምራቸው ጀመር። የመጀመሪያዋን ትምህርት፣ እጅን ቀስ አድርጎ ማንሳትን፣ እንደ ቀመሱ መርከቡ ሄደ። እርሳቸውም በዚያችው በአንዷ መምህር ሆነው ጎጃም ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ችኮላ የሚባል ነገር ተዉ። አንድ አሞሌ ጨው ከመደርደሪያ ሲያወርዱ እንኳ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ፣ «ሐጂ፣ በጾም ያዘዝሁዎት ጨው ለፋሲካ ይደርስልኝ ይሆን?» ይሏቸው ነበር።

በኋላ ጣሊያን መጣ። የጣሊያኑ ሹም በገበያ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ እንዲሰጥ ታዘዘ። ወንድሜን ውበቱን ገድለውታልና እጄ አልነሳም አለኝ። ገረፉኝ። «ቢደግመው ይገደላል» ተባለ። እናቴ ሄዳ ሐጂ እግር ላይ ወደቀች።

ሐጂ ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝ። «አንሙት፣ ትከሻህን ጣል። ጉልበትህን አላላ። ክርንህ ይቅደም፣ እጅህ ይከተል።»

«ላነሳላቸው ነው እንዴ፣ ሐጂ?»

«ማን አንሳ አለህ? ጀምር ነው ያልሁህ።»

ላቤ ወረደ። ዝግ ማለት እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር። «ገና ነህ!» ይሉኛል፣ እርሳቸውም ገና መሆናቸውን ረስተው።

በገበያው ቀን ሹሙ መጣ። ከሐጂ ጋር ጎን ለጎን ቆመን እጃችንን ማንሳት ጀመርን። ሹሙ የሚነሳ እጅ አይቶ፣ ደስ ብሎት አለፈ። እጃችን ግን ገና እምብርታችን ጋ ነበር። ጣሊያን እስኪወጣ እንዲያው ስንጀምር ኖርን።

ባንዲራችን የተሰቀለ ዕለት ሕዝቡ እልል ሲል ሐጂ ለባንዲራዋ እጃቸውን ማንሳት እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። እልልታው በረደ፣ ሰውም መበተን ያዘ። የሐጂ እጅ እምብርታቸውን አለፈ፣ ደረታቸውን አለፈ፣ ትከሻቸውን አለፈ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። እትዬ ማንጠግቦሽ እንኳ አልቀለዱም።

እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው። መምህሬን ጥዬ አልሄድሁም፤ እጃቸው ከላይ እስኪደርስ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ።