ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት

ኃያል አገር ተቀናቃኝ ሲነሳበት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ዜናውን ተዉትና አዳማ መጥታችሁ ጋሽ ቶሎሳ ዘንድ ፀጉር ተቆረጡ።

ጋሽ ቶሎሳ ለብዙ ዘመን የሰፈራችን ብቸኛ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ዘንድሮ አብዱ የሚባል ወጣት ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ከፈተ። እሳቸውም መቀሳቸውን በመሳል ፈንታ በራፍ ላይ ቆመው የአብዱን ደንበኞች መቆጣጠር ጀመሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ራሴን ላጭተው ድንገት ወደ በሩ ሮጡ።

«አየኸው? የክርስትና ልጄ እንኳ እሱ ዘንድ ገባ!»

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ኧረ እኔን ይጨርሱኝ!»

«ቆይ! እኔ እያለሁ እዚህ ሰፈር ማንም ፀጉር አይቆርጥም!»

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸውም አልቆረጡም። ብጠብቅ ብጠብቅ ከበሩ አልተነቃነቁም። በክንዳቸው ሥር ሾልኬ መንገዱን ተሻገርኩ።

አብዱ ራሴን አይቶ ወንበር ሳበልኝና፣ «ቁጭ በል ወንድሜ፣» አለ፤ «ዛሬ በግማሽ ተላጭቶ ሲመጣልኝ አንተ አራተኛ ነህ።»