ሠላሳ በመቶ አሳማ

(ኩባ፣ ደቡብ ጠረፍ፣ የዓሣ አጥማጆች መንደር። የኒቫልዶ ጓሮ። ኒቫልዶ በጆንያ በተጋረደ የአሳማ ጋጣ አጠገብ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። አበልጁ ኢላሪዮ ባዶ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱ ላይ ሳንቃ ይመታል።)

ኒቫልዶ፦ አልሰጥህም አልኩህ እኮ። አሳማ የሌለው ሰው የአሳማ ምግብ ምን ያደርግለታል?

ኢላሪዮ፦ ለአሳማዋ ነዋ።

ኒቫልዶ፦ አሳማዋን የማበላት እኔ ነኝ። አንተ ምን ቤት ነህና ባልዲ ይዘህ ትመጣለህ?

ኢላሪዮ፦ እሱን ልነግርህ እኮ ነው። ጠዋት ልጅህ ማይሌን...

ኒቫልዶ፦ ቆይ፣ ትንበያው ጀመረ። (ያዳምጣል) ሰማህ? ሠላሳ በመቶ። አለቀ።

ኢላሪዮ፦ ምኑ ነው ያለቀው?

ኒቫልዶ፦ ከባዱ አውሎ ነፋስ በእኛ በኩል የመግባት ዕድሉ ሠላሳ በመቶ ነው።

ኢላሪዮ፦ የማን ዕድል?

ኒቫልዶ፦ የአውሎ ነፋሱ።

ኢላሪዮ፦ እሱማ ዕድለኛ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያህን ይዞ ሲሄድ ማን ምን አለው?

ኒቫልዶ፦ ወይ አንተን ማስረዳት። እንዲህ ዓይነት ነፋስ መቶ ጊዜ ቢነሳ ሠላሳው ይመጣል፣ ሰባው ይቀራል።

ኢላሪዮ፦ ሠላሳ ነፋስ ነው የሚመጣብን?

ኒቫልዶ፦ አንድ ነው።

ኢላሪዮ፦ አንድ ከሆነ ሠላሳ በመቶው የቱ ነው? ጭንቅላቱ መጥቶ ጭራው ሊቀር ነው?

ኒቫልዶ፦ አይመጣም ማለት ነው፣ በቃ። ሰባ ከሠላሳ ይበልጣል።

ኢላሪዮ፦ እንግዲያው ለማንኛውም ሠላሳ በመቶዋን እንረዳት።

ኒቫልዶ፦ ማንን ነው የምንረዳው?

ኢላሪዮ፦ አሳማዋን። በቢላዋ። አንድ እግር ቢሆን ነው፤ መብራት ሳይጠፋ እንጠብሳታለን።

ኒቫልዶ፦ እና የልጄ የአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ላይ በሦስት እግሯ እያነከሰች ትምጣ? መንደሩን ሙሉ ጠርቼ፣ ይቺ አሳማ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ሩዝ ብቻ ላቀርብ ነው? ማይሌንን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ኢላሪዮ፦ እኔስ ልልህ የነበረው ይኸንኑ አይደል? የኔ ቤት ጣሪያው ሲሚንቶ ነው። ማይሌን ራሷ ጠዋት...

ኒቫልዶ፦ አሳማዋ አንተ ቤት አትሄድም። አምና ሰባ በመቶ ሲሉ ደንግጬ አንተ ቤት ድረስ ጎተትኳት። ነፋሱ ዞር ብሎ ሄደ። እሷ ደግሞ ተቀይማኝ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልነካ ብላ ከሳች። መንደሩ እስካሁን ይስቅብኛል። (በእንጨት መሬት ላይ ይስላል) ና ተመልከት፣ የነፋሱን መንገድ ቴሌቪዥን ላይ የሚያሳዩት እንዲህ ነው። ባሕሩ ላይ ጠባብ ነው፣ ወደኛ ሲመጣ ይሰፋል።

ኢላሪዮ፦ አየህ፣ እሱ እየበላ ነው የሚመጣው። በል ባልዲውን ሙላልኝ።

ኒቫልዶ፦ የሚሰፋው ነፋሱ አይደለም፣ አለማወቁ ነው። ወዴት እንደሚሄድ በደንብ ስለማያውቁ አስፍተው ይስሉታል።

ኢላሪዮ፦ እነሱ ካላወቁ አንተ እንዴት አወቅክ?

ኒቫልዶ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይኸን ለማንም አላወራሁም። ሬዲዮውን የምሰማው ለይስሙላ ነው። የምታውቀው አሳማ ናት። ከባድ ነፋስ ሲመጣ አንድ ቀን ቀደም ብላ ትጮሃለች። ጣሪያዬ የሄደ ጊዜ የዚች እናት ከንጋት ጀምራ ስትጮህ ነው የዋለችው። እኔ ሞኙ ርቧት ነው ብዬ ምግብ እጨምርላታለሁ። አምና ግን ይቺኛዋ ጭጭ አለች፣ ነፋሱም ቀረ። ሬዲዮ ይሳሳታል፣ አሳማ አትሳሳትም።

ኢላሪዮ፦ (ባልዲውን ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጣል) እንደሱ ከሆነማ፣ አበልጄ...

ኒቫልዶ፦ ዝም ብለህ አዳምጥ። ከጋጣው ድምፅ ይሰማሃል?

ኢላሪዮ፦ ከዚህኛው? ምንም አይሰማኝም።

ኒቫልዶ፦ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ናት። እኛ እዚህ ስንጨቃጨቅ እንኳ ምን ሆናችሁ ብላ ብቅ አላለችም። ይኸ ሠላሳ በመቶ አይደለም፣ ዜሮ ነው። ሂድና ለጎረቤቶቹ ንገርልኝ፣ ሚስማራቸውን አያባክኑ።

ኢላሪዮ፦ እስቲ ጆንያውን ግለጠው።

ኒቫልዶ፦ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም።

ኢላሪዮ፦ ግለጠው፣ ግዴለህም።

(ኒቫልዶ ጆንያውን ይገልጣል። ጋጣው ባዶ ነው።)

ኒቫልዶ፦ አሳማዬስ?

ኢላሪዮ፦ እኔ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ናት። ከመጣሁ ጀምሮ ይኸን ልነግርህ ነበር፣ መቼ አስወራኸኝ? ንጋት ላይ አንተ ስታንኮራፋ ማይሌን ጎትታ አመጣቻት። "አባቴ ተንብዮ እስኪጨርስ አልጠብቅም" አለችኝ።

ኒቫልዶ፦ (ቁጭ ይላል) ይሁን እንግዲህ። ደህና ናት?

ኢላሪዮ፦ ደህናስ ደህና ናት። ጩኸቷ ነው እንጂ።

ኒቫልዶ፦ ጩኸት? ከመቼ ጀምሮ?

ኢላሪዮ፦ ከንጋት ጀምሮ። ርቧት መስሎኝ ነዋ ባልዲ ይዤ የመጣሁት። ሚስቴ ምሳ የምትሠራው ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነው።

(ኒቫልዶ ሰማዩን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ሬዲዮውን ይዘጋል።)

ኒቫልዶ፦ አበልጄ።

ኢላሪዮ፦ አቤት።

ኒቫልዶ፦ እስቲ ግባና ዕቃ አግዘኝ። ቴሌቪዥኑን፣ ፍራሹን፣ ቁምሳጥኑን አንተ ቤት እናስገባው።

ኢላሪዮ፦ ሙሉውን ነው ወይስ ሠላሳ በመቶውን?