ክብርት ሊቀ ዝንብ በእራት ገበታ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ስለ ምንም ብታወሩ ወሬውን አንገቱን አንቆ ወደ ራሱ ሥራ የሚጎትት። ስለ ጥርስ ሕመም ስታወሩ ስለ ሞተር፣ ስለ ዝናብ ስታወሩ ስለ ሞተር። የእኛ ቤት ሞተርን እንኳ አልታደለም። የእኛ ዕጣ ዝንብ ነው።

ክብርት ሊቀ ዝንብ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሥራቸው ላቦራቶሪ ውስጥ ዝንብ ጨፍልቀው በውስጡ ያለውን ቫይረስ መመርመር ነው። የሰው በሽታ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፤ የዝንብ ብቻ። «ዝንቡ በዘመናት ብዛት ወደ ተለያየ ዝርያ ሲከፋፈል፣ ቫይረሱም አብሮት እየተለወጠ ይከፋፈላል። አይገርምህም?» ይሉኛል። አይገርመኝም! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በቀደም ደንበኛዬን ሙሉ ልብስ እየለካሁት ዘው ብለው ገቡና፣ ትከሻው ላይ ያረፈች ትንሽ ዝንብ አይተው «እንዳትነቃነቅ!» ብለው ጮኹበት። ሰውዬው ደንግጦ ሲዘል የሰካሁበት መርፌ ወጋው። ዝንቧ በብልቃጥ ሄደች፤ ደንበኛዬም በዚያው ሄደ። ደሜ ፈላ።

ያም ሆኖ የሴት ልጄ እጮኛና ወላጆቹ ሊተዋወቁን እራት ሲመጡ እሳቸውን መጥራት ግድ ሆነ። በር ላይ ጠብቄ ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ ስለ እግዜር፣ ዛሬ ዝንብ የለም።»

«ምን ነካህ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

እስከ ሾርባው ድረስ ጨዋ ነበሩ። ከዚያ የእጮኛዋ አባት ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ስለ ዘር ሐረጋችን እንጨዋወት» አለ። ዘር ሐረግ! የሊቀ ዝንብ ዓይን በራ። ሁለት ሹካ ጎን ለጎን አጋደሙ።

«ይሄ የዝንቦቹ ሐረግ ነው፣ ይሄ የቫይረሶቹ። ቅርንጫፎቹ ከተገጣጠሙ አብረው ኖረዋል ማለት ነው። ካልተገጣጠሙ ግን አንዱ ቫይረስ ቤቱን ትቶ፣ ለምሳሌ ጉንዳን ላይ፣ ዘሏል።»

የልጁ እናት፣ ሹካዎቹ የሁለታችን ቤተሰብ መስለዋት፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ልጄን ነው ጉንዳን ያልሽው?»

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አባትየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፉ ነበር። «ተያት ባክሽ። ባል ያጣች ሴት ምን ታድርግ፣ ከዝንብ ጋር ትኖራለች።»

ሊቀ ዝንብ ሹካዎቹን ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው መለሱ። አንገታቸውን ደፉ። ስንት ዓመት የለመንኩት ዝምታ ይኸው መጣ፤ መጥቶም አንጀቴን አሳረረው። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ስማ ጌታዬ! አንተ ስለ ዝንብ ምን ታውቃለህ? ቫይረሱ ከእናቲቱ በእንቁላሏ ወደ ልጇ ይሄዳል! ልጅም ለልጇ! ሁሉም እንዲሁ እየተቀባበለ ሚሊዮን ዓመት ኖሯል! ይህቺ ሴት ይሄን ለማየት ዓይኗ እስኪቀላ ትሠራለች፤ አንተ ትስቃለህ!»

መቼ ተማርኩት? አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም ብዬ እምል ነበር።

«ይቅርታ» አለ ቀጭን ድምፅ ከጎኔ። «ሁሉም አይደለም። ከአባትም የሚተላለፍ አለ።»

«እትዬ! እየተከላከልኩልሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ተሳስተሃል።»

የልጁ እናት ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ይቅርታ ጠይቃት።» እያጉረመረመም ቢሆን ጠየቀ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች። «ከአባትም ይተላለፋል ነው ያልሽው? ይሄን ልጅ ሳሳድግ ጠርጥሬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ልጁ ነው። ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ፣ እንደተናደድኩ።

«ተቀመጥና በደንብ ስማ» አለችኝ እትዬ፣ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ። «ዳግመኛ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ።»

ንዴቴ አልበረደም። ግን ተቀመጥኩ፤ ወንበሬንም ወደ እሷ ጠጋ አደረግኩ።