የበርሜሉ ቀለብ

[መካነ ሰላም። እትዬ ብዙዬ በየማለዳው እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን ከስኳር ጠጁ በርሜል ላይ ለጥፈዋል። በመጪው ሳምንት እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ለድግሱ ያጠራቀሙት ስኳር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ደሴ ሦስት ቀን የጠጅ ጠመቃ ሥልጠና ወስዶ የመጣው የእህታቸው ልጅ ይሄነው ይገባል።]

ይሄነው፦ እትዬ፣ አይንኩት አላልኩም?

ብዙዬ፦ አልነካሁትም። እንዴት አደርክ እያልኩት ነው።

ይሄነው፦ በርሜል እንዴት አደርክ አይባልም።

ብዙዬ፦ የጨመርክበት የፋብሪካ እርሾ ነፍስ አለው ያልከው አንተ አይደለህ?

ይሄነው፦ አለው። ዓይን የማያየው ፍጡር ነው። ስኳሩን ይበላና አልኮል ያወጣል። አየር ካገኘ ግን ይባዛል እንጂ ጠጅ አይጠምቅም። ለዚህ ነው ውሃውን አፍልቼ፣ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ያሸግሁት።

ብዙዬ፦ ስንት ሆኖ ገባ?

ይሄነው፦ አንድ ማንኪያ።

ብዙዬ፦ አንድ ማንኪያ ፍጡር ለዚህ ሁሉ በርሜል? ለአጨዳ እንኳ ደቦ ይጠራል።

ይሄነው፦ ሳይንስ ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል።

ብዙዬ፦ ይክበደኝ። ቀለቡስ?

ይሄነው፦ ስኳር።

ብዙዬ፦ ሌላስ?

ይሄነው፦ ስኳር ብቻ። ጌሾና ብቅል የድሮ አሠራር ነው።

ብዙዬ፦ ጎረቤታችን ሀምዱ በቅሎውን ሸንኮራ ብቻ ሲያበላት ከርሞ ወደ ከላላ ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ ተኛችበት።

ይሄነው፦ [እየሳቀ] በቅሎና እርሾ ምን አገናኛቸው? ይልቅ ቱቦውን ይዩ።

[ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ጫፉ ውሃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ተነክሯል። አረፋ እየተከታተለ ይወጣል።]

ይሄነው፦ አየር ሳያይ፣ ስኳር ብቻ በልቶ። ሰኞ ለቀበሌው ሴቶች የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ብዙዬ፦ ሁለት ቀን እኮ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ይሄነው፦ ታዲያ?

ብዙዬ፦ ነፍስ ያለው ነገርማ በቤቴ በረሃብ አይሞትም ብዬ ከፈትኩት። ብቅልና ጌሾ ጨመርኩለት፤ ትንፋሽ እንዲያገኝም አማሰልኩት። ማታውኑ ገነፈለ።

ይሄነው፦ ከዚያስ?

ብዙዬ፦ ዘጋሁት። ከበዛ በኋላ በሩን ክፍት ከተውክለት መውለዱን ነው እንጂ ሥራውን የት ያስበዋል?

[ይሄነው ቱቦውን አየ፤ ቀጥሎ መሬቱን።]

ብዙዬ፦ ደሴ ይህን አልነገሯችሁም?

ይሄነው፦ ሁለተኛው ቀን ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙዬ፦ ያን ቀን የት ነበርክ?

ይሄነው፦ ለምስክር ወረቀቱ ፎቶ ልነሣ ወጥቼ ነበር።

ብዙዬ፦ አብሽር፣ ፎቶው አምሮብሃል። ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?

[ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሥልጠናው ተጀመረ። ይሄነው ለእትዬ ብዙዬ ሰሌዳ ጠረገ። እሑድ ለሠርገኛው ጠጁን የቀዳውም እሱ ነው።]