ጠበቃው ሣር ይዞ የገባ ዕለት

ሰሞኑን ልጆቼ ፊልም አይተው መጡና ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ዋሉ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ገና ትናንት ፈቃድ ያወጣ ጠበቃ ወደማያውቀው አገር ሄዶ ችሎት ፊት ሲደናበር ነው አሉኝ። እኔ ይህን በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ላይ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ያውም ተመልካች ሆኜ ሳይሆን ተከሳሽ ሆኜ። ተከሳሽ ሆነው ሲያዩት ደግሞ ሳቁ ይዘገያል፤ የእኔው የመጣው በዓመቱ ነው።

ነገሩ የጊደር ነገር ነበር። በእኛ አገር ከብት የበዛለት ሰው ሁሉንም በአንድ ጋጥ አያስርም። አንዷን ላም ለአንዱ፣ ሌላዋን ለሌላው ያስጠብቃል። በአማርኛ የርቢ ላም ይሉታል። ጠባቂው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ያልባል። አንደኛውና ሁለተኛው ጥጃ የባለቤቱ ነው፤ ሦስተኛው የጠባቂው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ላሚቱን ሲሰጥ አንድ ሽማግሌ ያያል፤ በቃ። ሰው የከብቱን ብዛት ለልጁም አይናገርም። ክፉ ዓይንም አለ፣ ግብር ሰብሳቢም አለ።

ታዲያ የእኔን ላም የሰጡኝ ሰውዬ ዐረፉ። ልጃቸው ኤርሳዶ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ የአባቱን ከብት ሲሰበስብ ሦስተኛዋን ጊደር እኔ ጋ አገኛት። አባቴ አልነገረኝም፣ ጊደሯ የእኛ ናት አለ። አልዋሸም፤ እውነትም አልነገሩትም። ነገሩ እዚያው በሽማግሌ ያልቅ ነበር፤ ግን ኤርሳዶ ሆሳዕና ወርዶ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አማከረ። ማመልከቻ ጸሐፊን ማማከር ጅብን ስለ ሥጋ ማማከር ነው፤ ሌላ ምን ይመክራል? ክሰስ አለው።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ወርዶ ነበር። ቤቱ በእኔ ላይ፣ እኔ በእግዚአብሔር ላይ፣ አራቱ ልጆቼ ደግሞ በላሚቱ ላይ ተደግፈን ነበር። ላሚቱ አርጅታ ወተቷ እየነጠፈ ነው። ጊደሯ ከሄደች ለልጆቼ ወተት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ አልቅሼ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ አስጻፍኩ። አክስቴም አታልቅሺ፣ የእኔው ተስፋዬ ጠበቃ ሆኗል፣ መጀመሪያ የሚሟገተው ላንቺ ይሆናል ብላ ላከችልኝ። መጀመሪያ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ተስፋዬ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ከሐዲይኛ የሚያውቀው እናቱ ስትቆጣ የምትሰድበውን ብቻ ነው። ክራቫቱን አስሮ፣ ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ የተዋሰውን ጥቁር ካባ በክንዱ ይዞ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ከቤቴ ጀርባ ያለውን እንሰት አየና እትዬ ማርታ፣ ይህ ሁሉ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው አለኝ። ልጆቼ ከዚያ ቀን በኋላ ሲያዩት መሣቅ አላቆሙም።

ማታውኑ ማስታወሻውን አውጥቶ መረመረኝ።

«ውሉ የት አለ?»

«ውሉ ላሚቱ ናት።»

«እሷማ የክርክሩ ንብረት ናት። ሰነድ ነው የምልሽ።»

«ሟቹ ላሚቱን ሲሰጡኝ ሽማግሌው አቶ ሱጋሞ አይተዋል።»

«በጽሑፍ አይተዋል?»

ጌታ ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ ብዬ እራት አቀረብኩ።

በቀጠሯችን ዕለት ማለዳ መንገድ ጀመርን። ከሆመቾ ወዲያ ካለችው መንደራችን እስከ ሆሳዕና የእግር መንገድ ነው። እንደ ወጉ ከሳሽም ተከሳሽም ምስክርም አብረን ነው የምንሄደው፤ ስንቁም አንድ ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ኤርሳዶ ሱሪውን ጠቅልሎ ትንሹን ልጄን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሊያሻግርልኝ ውኃው ውስጥ ገባ። ተስፋዬ ይህን ሲያይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እትዬ ማርታ! ባላጋራሽ እኮ ነው!»

«ባላጋራዬ ችሎት ስንደርስ ነው። ወንዝ ላይ ጎረቤቴ ነው።»

ኤርሳዶ ዞር ብሎ ጠበቃውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ልጁን አስቀምጬ ልምጣና አንተንም ላሻግርህ?» አለው። ባላጋራዬ ጠበቃዬን ከነጥቁር ካባው አዝሎ ተሻገረ። እግዜር ያሳያችሁ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ጃንሆይ ከግድግዳ ላይ ሆነው ያዩናል። ከሥራቸው ዳኛው፣ ከሰሜን የመጡ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ደግ ሰው። ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ ነበር። በመጀመሪያው ዳኛው ታመው፣ በሁለተኛው መዝገቡ ታሞ፣ ማለቴ ጠፍቶ፣ ተመልሰናል። ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ ከሚሟገተው ሰው ግማሹ አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ቃል አያባክንም።

አቶ ሱጋሞ ሊመሰክሩልኝ ቆሙ። ተስፋዬ ካባውን ለብሶ ተነሣ። ካባው ስለረዘመበት አንዴ ረግጦት ተንገዳገደ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። የተከበሩ ምስክር ሆይ፣ በዚህ በተከበረ ችሎት ፊት፣ እውነትን፣ እውነትንም ብቻ፣ ከጥቅምና ከፍርሃት ርቀው፣ እያለ ረጅም መንገድ ሄደ። አስተርጓሚው ጨርሶ ሰማውና ወደ ሽማግሌው ዞሮ ላሚቱን ያውቃሉ ወይ አላቸው። አቶ ሱጋሞም የላሚቱን እናት፣ የእናቷን እናት፣ ከማን ቤት እንደመጣች፣ የትኛው ቀንዷ እንደተሰበረና ለምን፣ አንድ በአንድ ተረኩ። አስተርጓሚው ወደ ዳኛው ዞሮ «አዎን ይላሉ» አለ።

እስከዚህ ደህና ነበርን። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ! ግን ተስፋዬ አዲስ አበባ ሳለ የባላጋራን ምስክር የሚያፋጥጥበት ጥያቄ በደብተሩ ሙሉ ጽፎ ነው የመጣው። ኤርሳዶ ደግሞ አንድም ምስክር አላመጣም። ያን ሁሉ ጥያቄ ታዲያ ምን ያድርገው? ተጽፎ ከሚባክን ብሎ ለራሳችን ምስክር አዋለው።

«በዚያን ዕለት ጠጥተው ነበር ወይስ አልጠጡም?»

አስተርጓሚው ደነገጠ። ዳኛውን አየና «ይህንንም ልተርጉመው?» አለ። ተርጉም አሉት። ተረጎመ።

አቶ ሱጋሞ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው። ከተጠመቁ ጀምሮ ጠላ የተባለ ነገር ጥርሳቸውን አልነካውም፤ በልቅሶ ቤት እንኳ ውኃቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳኛው ጠየቁ፣ ዝም። ቆጣ አሉ፣ ዝም። በመጨረሻ ዳኛው ምስክሩ ቃሉን ካላጠናቀቀ ለተከሳሽ ማስረጃ የለም፣ ለከሳሽ እፈርዳለሁ አሉ። ጊደሬ ከዓይኔ ፊት ከጋጥ ስትወጣ ታየችኝ። ኤርሳዶ እንኳ በአባቱ ወዳጅ መዋረድ አፍሮ መሬት መሬቱን ያያል።

የተስፋዬን ካባ ጎተትኩ። «ሂድ፣ እርጥብ ሣር ይዘህ እግራቸው ላይ ውደቅ!»

«በየትኛው አንቀጽ?»

«ውጣ ብዬሃለሁ!»

ወጣ። የችሎቱን ግቢ ሣር ከብት ጨርሶታል፤ ያለው ሣር ለዳኛው በቅሎ የታጨደው ብቻ ነው። ከበቅሎዋ ጋር ምን እንደተባባሉ አላየንም፤ ብቻ ሲመለስ የካባው አንድ እጅጌ የለም። ሁለት እጁን በሣር ሞልቶ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ።

እርጥብ ሣር ለይቅርታ በተያዘበት ተቀምጦ የሚቀር ሰው አገራችን የለም። ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። አስተርጓሚውም ቆመ። ዳኛው ምን ሆናችሁ ቢሉ «ጌታዬ፣ ሣር ተይዟል፤ ከእንግዲህ ነገር የለም» አላቸው።

አቶ ሱጋሞ ቀስ ብለው ዞሩ። ከዚያ በጥሩ አማርኛ፣ ለካ አማርኛ ያውቁ ኖሯል፣ ተስፋዬን ጠየቁት። «ልጄ፣ ይህ ሣር ስለ እኔ ብቻ ነው ወይስ ስለ ነገሩ ሁሉ?»

ልዩነቱን ከየት ይወቀው? የበዛ ይሻላል ብሎ «ስለ ነገሩ ሁሉ!» አለ።

አለቀ። ስለ ነገሩ ሁሉ ከተባለ ነገሩ ከችሎት ወጥቶ ሽማግሌ እጅ ገባ ማለት ነው። ኤርሳዶ እንቢ ሊል ይችላል? ሣር ተይዞበት እንቢ ላለ ሰው ልጁን ማን ይድርለታል? እሺ አለ። እንዲያውም ተንፈስ ሲል አየሁት፤ ማመልከቻ ጸሐፊው እንጂ እሱ መች ወዶ ገባበት? ዳኛው በእግራቸው ሕመም መካከል ፈገግ ብለው ታርቃችሁ አስመዝግቡ አሉና በቅሎዋን ሊያዩ ወጡ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ ከዝግባው ሥር ተቀመጥን። አቶ ሱጋሞ ያዩትን ተናገሩ። ኤርሳዶም አባቴ ከሆነ እንዲህ ያደረገው የአባቴን ቃል አላፈርስም አለ። ጊደሯ ለእኔ ተፈረደች። ጠበቃውም ሽማግሌ በመድፈሩ አንድ በግ ይግዛ ተባለ፤ ገዛ፤ ሁላችንም በላንለት። ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ አስተርጓሚውም።

እኔ ደስ ብሎኝ ጌታን ሳመሰግን ተስፋዬ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«ይግባኝ ማለት አለብን» አለኝ።

«አሸንፈን?»

«አሸንፈናል። ግን በሕግ አይደለም።»

ይኸው ነው እንግዲህ መማር። አዋቂ ጠበቃ ቢመጣልኝ ኖሮ በሕጉ መሠረት እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ስንመላለስ ጊደሯም፣ እኔም፣ ዙፋኑም አርጅተን ነበር። ሰው የሚያድን ጠበቃ ካለ የማያውቅ ጠበቃ ነው።

በዓመቱ ጊደሯ ወለደች። ተስፋዬም ሊጠይቀን መጥቶ ከልጆቹ ጋር ወተት ቀረበለት። ይህ ወተት በሥርዓት ያልተወሰነ ነው፣ ሕጋዊ አይደለም እያለ ረጅም ጊዜ ሲያስረዳን ቆየ። ኩባያውን ግን ባዶ አድርጎ ነው የመለሰልኝ።