ሟች የሌለበት ድንኳን

የአዲስ አበባን ሰው ለስብሰባ ጥሩት፤ «እመጣለሁ» ብሎ ይቀራል። ለሰርግ ጥሩት፤ ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ከጨረሱ በኋላ ከች ይላል። ለቅሶ ከሆነ ግን ሳትጠሩት ይመጣል፤ ያውም ከእናንተ ቀድሞ። እኔ በበኩሌ ከሥራ ቀርቼ፣ ለቅሶ የቀረሁ ለታ ያህል ተገላምጬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የማነሳው በክሪኬት ምክንያት ነው። አዎ፣ ክሪኬት። አትሳቁ።

ጋሼ ታፈሰ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ይህን ጨዋታ አስለመዷቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ቂርቆስ ውስጥ ባለች አንዲት አቧራማ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሰው ለቃቅመው ክለብ አቋቋሙ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው ሲጎድል ደግሞ ተጫዋች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል። ስቷት ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች ከነካች በቃ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የቀሩት ተራቸው እስኪደርስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ዘንድሮ ምሥራቅ አፍሪካን የሚዞር አንድ የህንድ ቡድን ሊገጥመን ፈቀደ። ጋሼ ታፈሰ በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። ምን ያደርጋል፣ በዚያው ሳምንት የወረዳው የስፖርት ኃላፊ አስጠራቸው። «ጋሼ፣ ነዋሪ የማያየው ጨዋታ ሜዳ አይዝም። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፤ ሰው ከሌለ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ይሆናል» አላቸው። ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሰፈራችን እንኳን ክሪኬትን ሊያይ ስሙንም አያውቅ!

ለእንግዶቹ ፀሐይ መከለያ ብለን ከእድር ድንኳንና ወንበር ተዋስን። ጋሼ ደግሞ የእድሩን ለፋፊ ጨዋታውን እንዲነግርላቸው ለመኑት። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን የለፈፈው ስለ ሞት ብቻ ነው። ክሪኬት የምትለው ቃል ስትከብደው ጊዜ ዘለላት። ቅዳሜ ማለዳ በዚያ አንጀት በሚበላ ድምፁ «ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል! ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችሁም እንድትገኙ!» አለ። ፍረዱኝ፣ ዋሸ ይባላል?

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ደርበው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ፣ ስልክ ተደዋውለው በሁለት ታክሲ ታጭቀው መጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ድንኳን ደጃፍ ቆሞ እንዲያ ማለት ነውር ነዋ! ገቡና ጎንበስ ብለው የህንዶቹን እጅ እየጨበጡ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። አምበላቸው ፊቱ በፈገግታ ፈክቶ አንድ በአንድ አመሰገነ።

«ምስኪን፣ ገና አልተረዳም» አሉ አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠው።

ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ባሰ። የመጀመሪያው ህንዳዊ በሦስተኛዋ ኳስ ዘንጎቹ ወደቁበት። አንገቱን ደፍቶ፣ እንጨቱን እየጎተተ ሲመለስ ጓደኞቹ ተነስተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ዋናው ሐዘንተኛ ይኼ ነው» ተባለ። ሁለተኛውም በዚያው ሁኔታ ሲመጣ የእድሩ የሴቶች ተጠሪ እማማ ደብሪቱ አላስቻላቸውም።

«ወይኔ፣ ወንድማማቾች ናቸው! አንተ ታፈሰ፣ ማን ነው የሞተብን?»

እኔ ጋሼን በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ቢገድሉ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን ውሸት አያውቁበትም። «እማማ፣ ማንም አልሞተ። የጠራናችሁ ለጨዋታ ነው። ዛሬ ሰው ካልተገኘ ይቺን ሜዳ ይወስዱብኛል። ከሷ ሌላ ምን አለኝ?» አሉ። ግማሹ ሰው ለመሄድ ከወንበሩ ብድግ ብሏል።

«ወዴት ነው? ቁጭ በሉ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሲሞት መጥተን ከምናለቅስ፣ ሳይሞት ብንቀመጥለት አይሻልም?»

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ከዳር የመጡትማ ከድሮ ጎረቤቶቻቸው ጋር ከተያዩ ስንት ጊዜያቸው! ናፍቆቱ ገንፍሎባቸው ተቃቅፈው ይንሰቀሰቁ ጀመር። ኃላፊው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ብቅ ያለው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ድንኳኑን አየ፣ ለቅሶውን ሰማ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ደብተሩን ኪሱ ከተተ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቱን እንደደፋ ጨዋታውንም ቀና ብሎ አላየ፣ የሜዳውንም ነገር አላነሳም። ሐዘን ላይ ስለ መኪና ማቆሚያ ይወራል እንዴ? ሊሄድ ሲነሳ ጠጋ ብሎ «ሟቹ ታመው ነበር?» አለኝ። አቀረቀርኩ። ለቅሶ ቤት ዝምታም መልስ ነው።

ጨዋታውን ተሸነፍን፤ ያውም በሚያሳፍር ውጤት። ሰኞ ኃላፊው ደወለልኝ። «የሜዳው ነገር አሁን ጊዜው አይደለም፤ ለጋሼ ንገርልኝ። አርባቸው መቼ ነው?»

በጣቴ ቆጥሬ ነገርኩት። ምን ላድርግ? አሁን ጋሼ ታፈሰ ለዚያ ቀን ተጋጣሚ እያፈላለጉ ነው፤ እማማ ደብሪቱም የክለቡን የዓመት መርሐ ግብር አውጥተው ሰጥተውናል። አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት።