የፍላሽን እናትና አባት የሚጠይቁት አቶ ስማቸው

የአቶ ስማቸው ጣቶች ሰም እያሹ ነው። ከደብራቸው ከተቃጠለ ጧፍ የተለቀመውን ቁራጭ ሰም በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሞቁታል። ሲለሰልስ እንደ ምስር ፍሬ ያድቦለቡሉትና በፋብሪካቸው መቆጣጠሪያ ክፍል ኮምፒውተሮች ጀርባ ያሉትን የፍላሽ መሰኪያዎች አንድ በአንድ ይደፍኑበታል። መጨረሻ ላይ በጥፍራቸው ጫፍ ትንሽ ምልክት ይጭሩበታል፤ ማንም ነካክቶት እንደሆነ እንዲታወቅ። መሰኪያ የሚቆልፍ ዕቃ ከውጭ ታዝዞ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ቀረ። ሰም ግን ከደብሩ ጠፍቶ አያውቅም።

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ባለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «የማን ልጅ ነህ?» ባይ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ባንክ ተሰልፋችሁ ከኋላችሁ ነው፤ ታክሲ ተሳፍራችሁ ከጎናችሁ ነው። የአባታችሁን ስም ስትነግሩት ያያታችሁን ይጠይቃል፤ ያያታችሁን ስትነግሩት ያያታችሁ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ይላል። ክፋት የለበትም። ሰው ሁሉ ከሰው መወለዱን በየቀኑ ካላረጋገጠ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ያ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ጠያቂያን ክቡር አቶ ስማቸው፣ ኮምቦልቻ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። አሁን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ላይ፣ እግሩ በሽቦ በታሰረ ወንበር ይቀመጣሉ። ጡረታቸው ስምንት ወር ቀርቶታል። የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ሰዒዳ የመጣች ዕለት በዚሁ በር ላይ ግማሽ ሰዓት አቁመው ጠይቀዋታል። አያቷ ደጋን ገበያ ላይ ከአባታቸው በሬ መግዛቱ ሲታወቅ «በይ ግቢ፣ የኛው ልጅ ነሽ» አሏት። በሬው ዳልቻ እንደነበረ ሳይቀር ነገሯት።

ክፍሉ እንዲህ የሚጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የቦይለሩ የእንፋሎት ግፊትና የማቅለሚያው ሙቀት የሚታዘዙት እዚያ ካሉት ኮምፒውተሮች ነው። እጁን ያስገባ ሰው ግፊቱን ከፍ ቢያደርገው ቦይለሩ አጠገብ የቆሙት ሠራተኞች ናቸው የሚጎዱት። ሌላ ከተማ ያለ ፋብሪካ አንድ ሠራተኛ በሰካው ፍላሽ ቫይረስ ገብቶበት ዘጠኝ ቀን ቆመ ተብሎ ከተወራ ወዲህ ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ ከነማኅተሙ ወጣ። አቶ ስማቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት፣ የማን ልጅ ነህ በሉ ለማለት ነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃም እንደ ሰው ይጠየቅ ጀመር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስባህ መንዙማ የተቀዳባት ፍላሽ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። ሥራው ላይ እየሰማን እንድንውል።»

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«ፍላሽ ናት እኮ ጋሼ!»

«ስሟን አልጠየቅኩህም። ከየት መጣች?»

«ደሴ አስቀዳኋት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የእህቴ ባል ለሠርግ ፎቶ ወስዷት ነበር።»

«ፎቶ ቤቱስ ከስንት ሰው ኮምፒውተር ጋር ይውላል?»

ሚስባህ ማሰብ ጀመረ። አቶ ስማቸው ፍላሿን በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱለት። «ብዙ ቤት ገብታ የወጣች ናት። መንዙማውን በራስህ ድምፅ በልልን፣ እናዳምጥሃለን።» ሚስባህም የልቡ ደርሶለት፣ ቆሞ አዜመላቸው። እሳቸውም በጭብጨባ ተቀበሉት።

ቤቱ መብራት የጠፋበት ሠራተኛ ስልኩን ኮምፒውተሩ ላይ ሊሞላ ሲመጣም «ማታ ከማን ጋር አደረ?» ይባላል፤ ስልኩ።

ሰዒዳ በዚህ ስትስቅ ከርማ አንድ ሰኞ ሳቋ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቷት በሩን ዘጋ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ይላካል፤ ማንነቱን ደብቆ፣ የሐሰት መታወቂያ ይዞ ክፍሉ ለመግባት ይሞክራል። ከገባ በሩ ለጥበቃ ድርጅት ይሰጣል፣ አቶ ስማቸውም ወደ ጥጥ መጋዘን ይዛወራሉ።

«አስም አለባቸው እኮ» አለች።

«ስለዚህ አይግባ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ትንፍሽ ብትዪ ደግሞ ፈተናው ፈተና አይሆንም።»

የሰዒዳ ጭንቀት ጥያቄያቸው አልነበረም፤ መልሱ ነበር። አቶ ስማቸው ዘመድ ያገኙ እንደሆነ ልባቸው እንደዚያ ሰም ይለሰልሳል። ባለፈው ዓመት ቀለም ያመጣ ሾፌር በጋብቻ ዘመዳቸው ሆኖ ሲገኝ ጋቢያቸውን አውልቀው አልብሰው ነው የሸኙት። የሚላከውንም ሰው ክፍሉ ግባ ቢሉትስ?

«ጋሼ» አለች በማግስቱ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «እንግዳ ሰው ሲመጣ ጠንቀቅ ነው።»

«እንግዳ ምን ማለት ነው?»

«የማናውቀው።»

«እንተዋወቃለና!» አሉ አቶ ስማቸው ደስ ብሏቸው። ሰዒዳ ያን ቀን ምሳ አልበላላትም።

ረቡዕ ከረፋዱ ላይ አንድ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሸንቃጣ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሰዒዳ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ስታየው ቱታው ላይ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም፤ ካወጣው ሰዓት አይሞላውም። የሚጠበቀው ሰው እሱ እንደሆነ ገባት።

«የቦይለሩን ፕሮግራም ላድስ ነው፤ ከአቅራቢው ድርጅት» አለ ሰውየው። መታወቂያው ኃይለ ሚካኤል ይላል።

«እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ስመ ክርስትናህስ?»

ሰውየው መታወቂያውን ገልብጦ አየው።

«እ?»

«ረ… ረስቼዋለሁ።»

«ስመ ክርስትና ይረሳል?» አቶ ስማቸው አልተቆጡም፤ እንደታመመ ሰው አዩት። «አይዞህ። ተቀመጥ እስቲ። የማን ልጅ ነህ?»

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ።»

«አባትህንና እናትህን ነው ያልኩህ። እናትህ ማናት?»

ሰውየው ማኅተም ያለው ደብዳቤ አዘጋጅቷል፤ ቱታ ገዝቷል፤ የድርጅቱን አርማ አሠርቷል። እናት ግን አላዘጋጀም። አንድ ስም ሊፈጥር አፉን ከፈተና የተወለደበት አገር አፉን ያዘው። በእናቱ መዋሸት አቃተው።

«ዘይቱና» አለ ቀስ ብሎ። «ከቢስቲማ።»

«ዘይቱና! ገበያው ማዶ ያደገችው? ያጎቴ ሚስት የእህት ልጅ?» አቶ ስማቸው ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉት፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳሙት። ሰዒዳ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ። ጥጥ መጋዘን።

«ቁጥሯን ልስጥዎት?» አለ ሰውየው፤ በዚያው ለመግባት አንድ እግሩን ደፉ ላይ አሳርፎ።

«አንተ የምትሰጠኝን ቁጥር ምን አደርገዋለሁ?» አሉና ደረታቸውን በሩ ላይ አደረጉ። ቢስቲማ ያጎታቸው ቤት ደውለው ቁጥሩን ተቀበሉ። ከዚያም ጆሯቸው ስለሚደክም ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«ዘይቱና! እኔ ነኝ፣ ስማቸው!»

«ስሜ! በሕይወት አለህ? ልጆቹ ደኅና? አስሙስ?»

«አልሐምዱሊላህ በይልኝ። ልጅሽ ምንድን ነው ሥራው?»

«አሚር? ውይ፣ አዲስ አበባ ነው። ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ በማታለል ይገባል።» ሰዒዳ ዓይኗን ገለጠች። «ሌባ እንዳይመስልህ፣ ወላሂ! ባለቤቶቹ አስፈቅደውት ነው አሉ። ተገባ አልተገባ ብሎ ይጽፍላቸዋል። ደመወዙም ጥሩ ነው።»

«ይኸውልሽ፣ እፊቴ ቆሟል።»

ዘይቱና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በልቷል?»

አሚር ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ሲል ሚስባህን አምፖል ሊቀይር ከወጣበት መሰላል ላይ ሳቁ ሊጥለው ነበር። አቶ ስማቸው ግን አልሳቁበትም። ወንበራቸውን ለቀቁለት፤ ከበሩ ውጭ። ረቡዕ ስለነበረ ምሳ ዕቃቸው የጾም ነው፤ ምስርና ጎመን። ክርስቲያኑም እስላሙም ሳይጠያየቅ የሚበላው። «ብላ። ክፍሉን ግን አታየውም» አሉት። ሰዒዳ ወጥታ አብራቸው በላች። አልቅሳ እንደነበር ማንም አልጠየቃትም።

የአሚር ሪፖርት በሳምንቱ ደረሰ። «መግባት አልተቻለም» ይላል። «የከሸፈበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ባለሙያ ሰው ሪፖርት ላይ «እናቴ» ብሎ አይጽፍማ።

እናም አቶ ስማቸው እስከ ጡረታቸው ከበሩ እንዳይነሡ ተወሰነ። ወራቱ ግን ቆመው አይጠብቁም፤ ሰባት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ የጡረታው ፋይል ጀርባው ነጭ የሆነ ጉርድ ፎቶ ብቻ እንደቀረው ተናገረ። ፎቶው ሲገባ የመሰናበቻው ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሰዒዳም ቶሎ እንድታስመጣ። አስፈቅዳ ቅዳሜ ወደ ደሴ ላከቻቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው የደሴን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ወጡ። አመሻሽ ላይ ከአንድ የማታውቀው ሽማግሌ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲመለሱ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ፎቶውስ?»

«የምን ፎቶ?» አሉ። «ታክሲ ውስጥ ማንን እንዳገኘሁ አታዪም?»

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ስለ ፎቶው ጠየቃት። ሰዒዳ መንገዱ ተዘግቶ ነበር አለችው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቅዳሜ አልፏል፤ አንድም ቀን ስለ ፎቶው አላስታወሰቻቸውም።